ባለቤቱ ያልታወቀ ብስክሌት

፩

ቶምቦላ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። እዚያ መንከባለልንና መገለባበጥን ከሚገልጽ ግሥ የተወለደ ሲሆን፣ ዕጣዎቹ ተጠቅልለው የሚገቡበትንና እየተሽከረከረ የሚያደባልቃቸውን ዕቃ ያስታውሳል። የሚገርመው ግን ቃሉ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ብስክሌት፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ የምንላቸው ሁሉ የዚያው ቋንቋ ልጆች ናቸው፤ ጎማ ሲፈነዳ የምንፈልገው ጎሚስታም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። የሚንከባለለው ዕጣና የሚንከባለለው ጎማ ከአንድ አገር ተነሥተው በአንድ በር ወደ ቋንቋችን ገብተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁለቱ መልሰው ስለሚገናኙበት አንድ ልማድ ነው። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ብስክሌት ወዳዶች ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ ሲፈልጉ አንዳንድ ጊዜ ብስክሌት ገዝተው ለዕጣ አያቀርቡም፤ ራሳቸው ይሠሩታል። አንዱ ቴላዮውን ያመጣል፤ ሌላው ጎማውን፣ ሦስተኛው መቀመጫውን። ሞረድና ብየዳ የሚያውቅ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ቀለም የሚያውቅ ቀለሙን ይቀባል። ሥራው ሲያልቅ ትኬት ይታተማል፤ በአነስተኛ ዋጋ ለብዙ ሰው ይሸጣል። በቀኑ ዕጣው ይወጣል፤ ገንዘቡ ለታመመ፣ ለተቸገረ ወይም ለተማሪ ይውላል፤ ብስክሌቱም ቁጥሩ የወጣለትን ሰው ተከትሎ ይሄዳል።

ለእኛ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ የሚያጭድበትን ደቦ እናውቃለን፤ ዕጣ እየተጣለ ገንዘቡ በየተራ የሚዳረስበትን ዕቁብም እናውቃለን። የቶምቦላው ብስክሌት ደቦ ቀድሞ ዕጣ የሚከተልበት ሥራ ነው። ነገር ግን ከሁለቱም የሚለይበት ነጥብ አለው። በደቦ የማሳው ባለቤት ከመጀመሪያው ይታወቃል። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚቀድም እንጂ ማን እንደሚያገኝ አይደለም፤ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። በቶምቦላ ግን የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሠሪዎቹ የሚደክሙት ፊቱን ላላዩት፣ ስሙን ለማያውቁት፣ ቁመቱን ላልለኩት ሰው ነው።

፪

ዕጣ ጥንታዊ ነው። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው በይሁዳ ምትክ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። ከሰው አድልዎ የጸዳ ፍርድ ሲፈለግ ዕጣ መጣል በብዙ ሕዝብ ዘንድ የቆየ ብልሃት ነበር። ዕጣን ለሕዝብ ጉዳይ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ማድረግ ግን ኋላ የመጣ ነገር ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛሬ ቤልጅግና ሆላንድ በምንላቸው አካባቢዎች ያሉ ከተሞች የከተማቸውን ቅጥር ለመጠገንና ድሆችን ለመርዳት የዕጣ ትኬት ይሸጡ እንደነበር መዛግብታቸው ያሳያሉ።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅን ይበልጥ የሚያስደስተው ግን እ.ኤ.አ. በ1569 ለንደን ላይ የወጣው ዕጣ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት የአገሪቱን ወደቦች ማሳደሻ ገንዘብ ስትሻ 400,000 ትኬት፣ እያንዳንዱ በ10 ሽልንግ፣ እንዲሸጥ አዘዘች። የመጀመሪያው ዕጣ 5,000 ፓውንድ የሚያወጣ ሲሆን፣ ከጥሬ ገንዘቡ ሌላ የብር ዕቃ፣ የግድግዳ ምንጣፍና ጥሩ በፍታ ነበረበት። አሥር ሽልንግ ለተራ ሰው ከባድ ስለነበር ትኬቱ እንደታሰበው አልተሸጠም። ገዢዎቹ ታዲያ ስማቸውን በማስመዝገብ ፈንታ አጫጭር ግጥምና መፈክር እንዲያጽፉ ተፈቅዶላቸው ነበር። አንዱ ጸሎቱን፣ ሌላው ቀልዱን፣ ሌላው ምሬቱን በአንዲት መስመር አሰፈረ። ዕጣው በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ምዕራባዊ በር ላይ ከጃንዋሪ 11 እስከ ሜይ 6 ሌት ተቀን ሲወጣ፣ ከቁጥር ጋር ግጥም ይነበብ ነበር ማለት ነው። ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ተስፋውን በቃል ማሰር እንደሚወድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሌላም አለ። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ሰው የሚጎርፍበት የብሪታንያ ሙዚየም የዕጣ ልጅ ነው። ሐኪሙ ሃንስ ስሎን በ1753 ሲሞት መጻሕፍቱን፣ ብራናዎቹንና ልዩ ልዩ ስብስቦቹን መንግሥት በ20,000 ፓውንድ እንዲገዛ ተናዞ ነበር። ፓርላማው በካዝናው ውስጥ ገንዘብ ስላልነበረው በዚያው ዓመት ሕግ አውጥቶ 100,000 ትኬት በ3 ፓውንድ ሸጠ። ከ300,000ው ፓውንድ 200,000ው ለባለ ዕድሎች ተከፈለ፤ የቀረው ስብስቡንና ማኖሪያ ቤቱን መግዣ ሆነ። ነገር ግን ዕጣውን እንዲመራ ከተሾሙት አንዱ ትኬቱን በጅምላ ለአትራፊ ነጋዴዎች አሳልፎ በመስጠቱ ተከስሶ ተቀጣ። በጎው ሥራና ስርቆቱ በአንድ ከረጢት ውስጥ ነበሩ።

ይህ ጉድፍ ዕጣን ተከትሎት ኖሯል። ዕጣ ድሃውን በተስፋ እያባበለ እንጀራውን የሚነጥቅ ነው የሚለው ክስ እየበረታ ሄዶ፣ የብሪታንያ ፓርላማ በ1823 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ሎተሪ እንዲቀር ወሰነ፤ የመጨረሻው ዕጣ የወጣው በ1826 ነው። ከዚያ በኋላ በሩ የተከፈተው ጥቂት በጥቂት ነበር። በ1846 የወጣ ሕግ አባሎቻቸው በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ ሥዕል በዕጣ የሚያገኙባቸውን የሥነ ጥበብ ማኅበራት ሕጋዊ አደረገ። በ1934 በባዛር ላይ የሚወጡ ትንንሽ ዕጣዎች ተፈቀዱ፤ በ1956 ደግሞ የበጎ አድራጎትና የስፖርት ማኅበራት ሰፋ ያለ ነፃነት አገኙ። ዛሬ በእንግሊዝ በአንድ አዳራሽ ጥግ ለዕጣ የቆመ ብስክሌት ከኋላው ይህን ሁሉ የክርክር ታሪክ ይጎትታል።

በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ቶምቦላም ከቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ እስከ ትምህርት ቤት ማስፋፊያ ድረስ ስንት ጉዳይ እንዳገዘ የማያውቅ የለም። ትኬቱን ለመግዛት እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሰው በልቡ ሁለት ነገር ይዟል፤ ምናልባት ለእኔ ይወጣ ይሆናል የሚል ተስፋና ባይወጣም ለደግ ነገር ነው የሚል መጽናኛ። ዕጣው ቁማር ወይም ስጦታ የሚሆነው ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ታይቶ ነው።

፫

ሎተሪ ብዙ ነገር ይሸልማል፤ ቤት፣ መኪና፣ ጥሬ ገንዘብ። ሰዎች ተሰብስበው በእጃቸው ሠርተው ለዕጣ የሚያቀርቡት ግን ስለ ምን ብስክሌት ሆነ? መልሱ በብስክሌት ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ጀርመናዊው ካርል ድራይስ በጁን 1817 ማንሃይም ከተማ ላይ ይዞት የወጣው ባለ ሁለት ጎማ ዕቃ ከእንጨት የተሠራ ነበር። ፔዳል አልነበረውም፤ ነጂው ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። በ1860ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ፔዳል ተጨመረለት። ቀጥሎ የፊት ጎማው እንደ ግንብ ያደገበት፣ መውደቁ አጥንት የሚሰብር ዘመን መጣ። በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ ያወጣው ሮቨር ግን ሁለቱን ጎማዎች በመጠን አቀራርቦ ኃይሉን በካቴና ወደ ኋላ ጎማ አሳለፈ። ዛሬ የምንነዳው ብስክሌት በመልኩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1888 ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ዳንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አየር የተሞላ ጎማ አበጀለት። የአንድ አባት ርኅራኄ ለዓለም መንገድ ሁሉ ተረፈ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ካቴናው ከአንድ ሰው፣ ጎማው ከሌላ ሰው፣ ቴላዮው ከሦስተኛ ሰው ነው። ብስክሌት ከልደቱ ጀምሮ የብዙ እጆች ሥራ ነው። ቱቦው እንኳ የራሱ ታሪክ አለው። በበርሚንግሃም ከተማ ምስማር ይሠራ የነበረው የሬይኖልድስ ቤተሰብ በ1897 ጫፎቹ ወፍራም፣ መሐሉ ስስ የሆነ የብረት ቱቦ አሠራር በስሙ አስመዘገበ። ጫፉ የሚወፍረው የሚያያዘው በዚያ ስለሆነና እሳቱም ጫናውም የሚበረታው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው፤ መሐሉ የሚሳሳው ክብደት ለመቀነስ ነው። በዚህ ብልሃት ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣው፣ ነገር ግን ሰውየውን ራሱን የሚሸከም ቴላዮ ተገኘ።

አሠራሩ ምሥጢር የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ቱቦዎቹ በልክ ይቆረጣሉ። አንዱ ቱቦ ሌላውን የሚያቅፍበት ጫፍ ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ በሞረድ ይስተካከላል። ከዚያ በእሳት ይሞቅና ነሐስ ወይም ብር ያለበት ማያያዣ ቀልጦ በመገጣጠሚያው ስንጥቅ ውስጥ ውኃ እንደሚሰርግ ይሰርጋል። እሳቱ ከበዛ ብረቱ ይደክማል፤ ካነሰ ማያያዣው አይገባም። ጎማው ደግሞ የጆሮ ሥራ ነው። ቸርኬውን ከመሐል እምብርቱ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ሽቦዎች ውጥረታቸው እኩል ካልሆነ ጎማው ይወላገዳል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሽቦዎቹን በጣቱ እየነካ ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ የላላው ዝቅ፣ የተወጠረው ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ክራር ከመቃኘት ብዙም አይርቅም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በግዙፍ ፋብሪካ ሳይሆን ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ መሆን ይችላል። ዊልበርና ኦርቪል ራይት በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ በ1892 የከፈቱት ሱቅ መጀመሪያ የብስክሌት መሸጫና መጠገኛ ነበር፤ ከ1896 ጀምሮ የራሳቸውን ብስክሌት እየሠሩ ለገበያ አቀረቡ። አውሮፕላን የማብረር ሕልማቸውን የደገፈው የብስክሌቱ ገቢ ነው። በ1901 የክንፍን ጠባይ የመረመሩት አንድ ጎማ በብስክሌት ፊት ላይ አጋድመው ገጥመው እየነዱ ነበር። በ1903 የበረረው አውሮፕላናቸው ሞተር የሱቃቸው ሠራተኛ የቻርሊ ቴይለር የእጅ ሥራ ሲሆን፣ የሞተሩን ኃይል ወደ መዘውሮቹ ያደረሰውም ካቴና ነበር። ለሰማይ የበቃ ዕውቀት በሰፈር ብስክሌት ሱቅ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ብስክሌት ሙሉ በሙሉ ዓይን ላይ ያለ ዕቃ ነው። ሆዱ አልተሸፈነም፤ ካቴናው፣ ፍሬኑ፣ ሽቦው ሁሉ ይታያል። አሥር ሰው ከቦት ቢቆም አሥሩም የሚሠራው ያገኛል። ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

፬

ብስክሌት ለበጎ አድራጎት የሚሰጥበት ሌላም መንገድ አለ፤ ጨረታ። ከታወቁት አንዱን እናንሣ። በኖቬምበር 1 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ የጨረታ ቤት ሰባት ብስክሌቶች ቀረቡ። ታላላቅ የዘመኑ ሠዓሊዎች ያስጌጧቸው ሲሆኑ የብዙዎቹ ነጂ ላንስ አርምስትሮንግ ነበር፤ ገንዘቡም ለካንሰር ሕሙማን መርጃ የታሰበ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴሚየን ኸርስት ያስጌጠው ብስክሌት በእውነተኛ የቢራቢሮ ክንፎች የተሸፈነ ነበር፤ አርምስትሮንግ በዚያው ዓመት የቱር ደ ፍራንስን የመጨረሻ ቀን ጉዞ ወደ ፓሪስ የገባው በእርሱ ላይ ሆኖ ነው። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ስለ ቢራቢሮዎቹ ጮኹ፤ ብስክሌቱ ግን 500,000 ዶላር አወጣ። ሰባቱ በጠቅላላ 1.25 ሚሊዮን ዶላር አስገኙ።

የገንዘቡን መጠን ላየ ሰው ቶምቦላ ከጨረታ ጋር የሚወዳደር አይመስልም። አንድ ባለጠጋ እጁን ሲያነሣ የሚገኘውን ያህል ሺህ ሰው ትኬት ቢገዛ ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን ጨረታው የሸጠው ዝናን ነው። ዝናውም በ2012 ወደቀ፤ አርምስትሮንግ የተከለከለ መድኃኒት መጠቀሙ ተረጋግጦ ከ1998 ወዲህ ያገኛቸው ውጤቶች፣ የሰባቱ ቱር ደ ፍራንስ ድሎችም ጭምር፣ ተሰረዙበት። ለሕሙማን የዋለው ገንዘብ በዚህ ምክንያት ከንቱ አልሆነም። ብስክሌቶቹ ግን የተሸከሙት ስም እንደ ቀድሞው የሚያኮራ አይደለም።

የቶምቦላው ብስክሌት የሚወድቅበት ስም የለውም። ያገናኘውን ያህል ሰው ሁሉ ተካፍሎታል፤ ቴላዮ የሰጠው እንደ ሰጠ፣ ትኬት የገዛው እንደ ገዛ ይቀራል። ጨረታ መጨረሻ ላይ ማን ከሁሉ እንደሚበልጥ ይናገራል። ዕጣ ግን አንድ ትኬት የያዘውን ጽዳት ሠራተኛና አንድ ትኬት የያዘውን ሐኪም በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። እርግጥ አሥር ትኬት የሚገዛ አሥር እጥፍ ዕድል አለው፤ ቢሆንም ገንዘብ ዕድልን ያፋፋል እንጂ አይገዛውም።

፭

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በልክ የሚሠራ ብስክሌት እንደ በልክ የሚሰፋ ልብስ ነው። ሠሪው የነጂውን የእግር ርዝመት፣ የክንዱን ስፋት፣ የትከሻውን ወርድ ይለካል፤ ቴላዮው የሚቆረጠው በዚያ ነው። ታዲያ ለቶምቦላ የሚሠራ ሰው የማንን እግር ይለካ? ልብስ ሰፊ ያላየውን ሰው ካባ መስፋት ይችላልን?

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ዕጣው እስኪወጣ ቱቦውን ሳይቆርጡ መጠበቅና ባለ ዕድሉን መለካት ነው። ሁለተኛው፣ ከባዱም ደጉም፣ መካከለኛውን ሰው አስቦ መሥራት ነው። ቴላዮው እጅግ ረጅምም እጅግ አጭርም አይሆን፤ መቀመጫው ከፍ ዝቅ ይበል፤ መሪው ቀረብ ራቅ ይበል። ሠሪው እዚህ ላይ ጥበቡን ለማሳየት ከመጓጓት ይታቀባል። ለራሱ ቢሆን የሚወደውን ቀጭን የእሽቅድምድም ጎማ ትቶ፣ ምናልባት የሚያሸንፈው ገበያ የሚመላለስ ሰው ቢሆንስ ብሎ ወፍራሙን ይገጥማል። ለማያውቀው ሰው ያስባል።

ይኸው አስተሳሰብ ከዕጣ ውጭም ሠርቷል። በዲሴምበር 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ካደረሰው ጥፋት በኋላ በ2005 በአሜሪካ የተቋቋመው ወርልድ ባይስክል ሪሊፍ በስሪ ላንካ ለተፈናቀሉ ሰዎች ብስክሌት አደለ፤ ኋላም ሥራውን ወደ አፍሪካ አሻገረ። ቡፋሎ ብሎ የሰየመው ብስክሌት ለአንድ የተለየ ሰው የተሠራ አይደለም። ከባድ ነው፤ የኋላ መጫኛው 100 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ተማሪ ትንዳው፣ የጤና ሠራተኛ ወይም ወተት ሻጭ፣ ሠሪው አስቀድሞ አያውቅም፤ ስለማያውቅም አጠንክሮ ይሠራል።

እኛም ብስክሌትን የምናውቀው ከአንድ ሰው ንብረትነቱ ይልቅ በጋራነቱ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልበርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ የአገራቸውን ስም በብስክሌት አስጠርተዋል። ባሕር ዳር ደግሞ ለጥ ባለው መሬቷ ብስክሌት ከሰው ጋር የተላመደባት ከተማ ናት። ብዙ የከተማ ልጅ ግን መንዳት የተማረው በራሱ ብስክሌት አይደለም፤ በሰፈር አከራይ ዘንድ ሳንቲም ከፍሎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ከሌላ ልጅ እጅ ተቀብሎ ነው። የመቀመጫው ከፍታ ከቀደመው ልጅ ቁመት ጋር ይስማማ ነበር፤ ተረኛው ራሱን ያስማማል።

የዕጣው ቀን ሲደርስ ብስክሌቱ መድረክ ላይ ይቆማል። ከቦት የቆመው ሁሉ ለጊዜው ባለቤቱ ነው፤ ቁጥሩ እስኪጠራ ድረስ የእኔ አይደለም ማለት የሚችል የለም። ቁጥሩ ሲጠራ አንዱ ይጮኻል፤ ሌሎቹ ትኬታቸውን አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው ይመልሱና ያጨበጭባሉ። ከሠሪዎቹ አንዱ መፍቻውን ይዞ ይቀርባል። ባለ ዕድሏ ምናልባት አጭር ናት፤ ምናልባት ከልጅነቷ ጀምሮ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። ብሎኑን ያላላል፤ መቀመጫውን በእርሷ ቁመት ዝቅ ያደርግላታል፤ መልሶም አጥብቆ ያስረዋል።